ዝንብ የሚበላው ተክልና የእናቴ ጠበል

ወንድሜ ዝንብ የሚበላ ተክል ይዞ ቤት የገባ ቀን እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይጾማል?» ብላ ነው። ቀልዷን አልነበረም። ለገና በዓል ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና የላስታው ከተማችን በምዕመናን ተጨናንቋል፣ እኛም ነቢያትን እየጾምን ነው። ሥጋ የሚበላ ነገር በጾም ቤቷ ሲገባ ማወቅ ያለባትን ጠየቀች።

ወንድሜ ጎጃም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። ተክሉን የገዛው አዲስ አበባ፣ መንገድ ዳር አበባ ከሚሸጡ ሰዎች ነበር። የፈረንጅ ስሙን ሁለት ጊዜ ነግሮናል፤ እኔ ወዲያው ረሳሁት፣ እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልሰማችው። ቁመቱ ከስንዝር ያንሳል። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ላይ ሁለት ትንንሽ መዳፎች አሏቸው፣ ውስጣቸው ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩን ሽፋሽፍት የመሰለ ነገር አለው። ዝንብ ገብታ ስትንቀሳቀስ መዳፎቹ ይገጥማሉ፣ ከዚያ በኋላ ዝንቧን ያያት የለም። እናቴ ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ መስኮቱ ሥር በርጩማ ስባ ተቀምጣ አየችው። ማታ ላይ ሆዳሙ ብላ ስም አወጣችለት።

ወንድሜ ማስተማር ስለሚወድ ዝንብ የሚበላበትን ምክንያት ዘርዝሮ አስረዳት። የበቀለበት አፈር ድሃ ስለሆነ ነው፣ ከመሬት ያጣውን ከአየር ላይ ይለቅማል አላት። እናቴም ጥቂት አሰበችና እኛስ የላስታ መሬት ድንጋይ አይደል ወይ፣ መቼ ነው ዝንብ የበላነው አለችው። ስንስቅ አመሸን። ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት ሦስታችን አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ ነበር።

ሊመለስ ሲነሣ ተክሉን ትቶልን ሄደ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጋሸና ላይ መኪና ስቀይር ይሰበርብኛል አለ። ለእኔ ግን ቀስ ብሎ፣ ለእናታችን ጨዋታ ይሆናታል አለኝ። እኔ በሶውንና ድርቆሹን እየቋጠርኩለት ስለነበር ምክሩን በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ፀሐይ ይፈልጋል። ፍግም ማዳበሪያም አይነካው። የደረቀ ቅጠል ሲኖር ይቆረጥ፣ ሁልጊዜ አሮጌው ሞቶ አዲስ ይወጣልና አትደንግጪ። ከሁሉም በላይ ግን ያለው ይሄን ነው፦ «የሰማይ ውሃ እንጂ የምድር ውሃ እንዳታጠጪው።» ዝናብ እስኪመጣ ብሎ መኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ በጀሪካን ገዝቶ አስቀመጠልን። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ እናታችንን ጉልበቷን ስሞ ወጣ።

እስከ ሁዳዴ አጋማሽ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። እሱ ያለበት አካባቢ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ መንገዱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል ተባለ። ስለዚህ አለመደወሉ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ደህና ሰውም አይደውል፣ ደህና ያልሆነም አይደውል። እኔ የምሠራበት ሆቴል እንግዳ ስላልነበረው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የምገባው፣ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ ከጋሸና የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንድ የጋሸና ነጋዴ ሁልጊዜ ሲያየኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ኸይር ነው» ይለኝ ነበር። ምንም ወሬ ሳይኖረው እንዲህ ማለቱ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ በኋላ ግን እሱን ሳላይ ከቀረሁ ቀኑ አይሆንልኝም።

እናቴ በበኩሏ ሆዳሙን አስጾመችው። ሁዳዴን ሙሉ በጭራ ዝንብ ስታባርርለት ከረመች። ተይው፣ ተክል ነው፣ ክርስትና አልተነሣም ብላት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ፍጥረት ሁዳዴን ቢታገሥ አይሞትም አለችኝ። እውነትም አልሞተም። አረንጓዴ እንደሆነ ለፋሲካ ደረሰ፤ ወንድሜ ግን አልመጣም።

የፋሲካ ለት ጠዋት እንደ ማንኛውም ቤት በግ ታርዶ ነበር። ወንድሜ በሌለበት ጎረቤት ነው ያረደልን። እናቴ የልጇን ድርሻ ለየችና ሰሐን ገጥማ አስቀመጠች። ከዚያ ከዱለቱ ጥቂት ቆንጥራ አንዱ የሆዳሙ መዳፍ ውስጥ አኖረች። አብሮን ጾሞ እንዴት አብሮን አይፈታም አለች። መዳፉ ቀስ ብሎ ገጠመ። እሷም ደስ አላት፣ ያን ቀን ካየሁባት ፈገግታ ያ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ያ ቅጠል ጠቁሮ ሸተተ። ቅቤና በርበሬ የነካው ሥጋ ለዝንብ የተሠራውን መዳፍ አበሰበሰው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እናቴ ግን ነገሩን በልጇ ላይ ተረጎመችው። «ልጄን አንድ ነገር አግኝቶታል» አለች። እንዴ እማ፣ በርበሬ አብልተሽው ነው አልኳት፣ አልሰማችኝም። ያን ለት በጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ተቋጠረ፣ ከዚያ ወዲህ ልፈታው የሞከርኩት ሁሉ ይበልጥ አጠበቀው።

ሌሎቹም ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ቡናማ መሆን ጀመረ። ከጫፍ ይነሣል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቅጠሉ በሙሉ እንደ ደረቀ ጌሾ ይሆናል። እናቴ ፊቷን ሳትታጠብ በፊት መስኮቱ ጋ ትሄዳለች። አዲስ ቡናማ ካየች ቁርስ አትቀምስም። ሁለት ካየች ምሳም ይቀራል። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋባት። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ወንድሜ የት እንዳለ ባላውቅም እናቴ ዓይኔ እያየ እየመነመነች እንደሆነ አውቅ ነበር። ያን ተክል ካላዳንኩት እሷንም እቀብራለሁ ብዬ ፈራሁ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የደረቀውን በመቀስ ልቆርጥ ስል እጄን ያዘችኝ፤ በልጇ ላይ መቀስ ያነሣሁ መሰላት። ፀሐይ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ከመስኮቱ አራቅሁት፣ ይባስ ብሎ ቅጠሉ ቀጠነ፣ መለስኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ቅጠሉን ወስጄ አሳየሁት። ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ ዩሪያ ጣል አድርጊበት አለኝ፣ ደግሞ ዝንብ ይበላል ስለው ባልደረቦቹን ጠርቶ ነገራቸውና ሳቁብኝ። ወንድሜ ማዳበሪያ ይገድለዋል ማለቱን ባላስታውስ ኖሮ የቀረውንም ያን ቀን ጨርሼው ነበር። ኢንተርኔት ቢኖር በአንድ ደቂቃ የሚገኝ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ግን አልነበረም።

የገረመኝ ሁሉንም እንደታዘዝኩት ማድረጌ ነው። የባትሪው ውሃ ሲያልቅ የበልጉ ዝናብ ደርሶ ከጣራው አሸንዳ ሥር በርሜል ደቅኜ ነበር። ከሱ በቀር ጠብታ አልሰጠሁትም። አንድ ጠዋት ተክሉ ያለበትን ማሰሮ ሳነሣው ግን ጠርዙ ላይና አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮ አየሁ። በጥፍሬ ስፍቀው ተፈረፈረ። የት እንደማውቀው ወዲያው መጣልኝ፤ ሻይ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን የሚይዘው ነጭ ነገር ነው። የዝናብ ውሃ እንዲህ አይጋግርም። እኔ ሳላይ ሌላ ሰው ሌላ ውሃ ያጠጣዋል ማለት ነው፣ በቤቱ ደግሞ ከእኔና ከእናቴ በቀር ሰው የለም።

በማግሥቱ መናኸሪያ ወርጄ ከጋሸና መኪና አልገባም ስባል ቶሎ ተመለስኩ። እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ ለብሳለች። ከትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በስመ አብ ብላ፣ የወንድሜን የክርስትና ስም እየጠራች ተክሉ ላይ ታፈስሳለች። ጠበል ነው። ያን ጠበል ለማምጣት በዚያ ጉልበቷ አቀበቱን ትወጣ ነበር፣ እኔ መናኸሪያ ስወርድ እሷ ወደ ላይ። አለት ለአለት እየተሹለከለከ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ለሰው ጤና፣ ለዚያ ተክል ግን ወንድሜ ያለው የምድር ውሃ ማለት እሱ ነበር።

እኔ ምላሴን የምይዝ ሰው አይደለሁም። ሆቴሉም ቤተሰቡም ያውቃል። ያን ቀን ግን ያዝኩት። ምን ልላት ነው? ልጄን አድንልኝ ብለሽ ያፈሰስሽው ጠበል ነው የሚያደርቀው ልበላት? ቅጠሉ ልጇ ከሆነ፣ ቅጠሉን የገደለችው እሷ ከሆነች፣ የቀረውን ሐሳብ እሷው ትጨርሰዋለች። ነጠላዬን መልሼ ለበስኩና ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ።

ነፍስ አባታችን ቄስ ናቸው፣ እኔንና ወንድሜን ያጠመቁ፤ እናቴም ከሳቸው ሌላ የማንንም ቃል አትቀበልም። ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። የፋሲካው ዱለት ላይ ስደርስ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ደበቁ። ጠበሉ ላይ ስደርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ጠበል ገደለ ልትይኝ ነው የመጣሽው?»

«አባ፣ ጠበሉ አይደለም፣ የድንጋዩ ጨው ነው። ከውሃው ጋር ይመጣል። ለሰው ደግ ነው፣ ለዚህ ተክል ብቻ አይስማማውም። እኔ ብነግራት እኔን አትሰማኝም፣ አንቱ ይንገሩልኝ።»

በእናትሽ ፊት የማላምንበትን አልናገርም አሉ፣ እኔም እንዲዋሹልኝ አልለመንኩም አልኳቸው። ከዚያ ጠበል ከአለት ከፈለቀ የአለቱን ነገር ይዞ ቢመጣ ምን ይገርማል፣ ብለው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ተናገሩ። ተነሥተው እሑድ እመጣለሁ አሉኝ።

እሑድ መጡ፣ ቤቱን ባረኩ፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው ጨዋታ ሲያልቅ ሆዳሙን ዛሬ ገና እንዳዩት ሆነው ጠየቁ። እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ጠበሉንም ጭምር፤ ከነፍስ አባቷ የምትደብቀው ነገር የለም። እሳቸውም ጠበል ለአንቺ ነው፣ አንቺ ጠጪው፣ የሣር የቅጠሉ ጠበል ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፣ እሱን የሚባርከው ራሱ እግዚአብሔር ነው አሏት። በቃ። እሺ አባታችን አለች። እኔ ሳምንታት ሙሉ ስጨቀጭቃት ያልሰማችውን በአንድ ትንፋሽ እሺ አለች፣ ደስ ብሎኝም ተናድጄም ነበር።

ክረምቱ ከበድ ሲል ማሰሮውን አውጥቼ በዝናብ ውሃ ደጋግሜ ከላይ አጠብኩት። አፈሩ የያዘው ጨው ከሥር እስኪወጣ አፈስሳለሁ፣ አጠንፍፋለሁ፣ እንደገና አፈስሳለሁ። የወረደውን ውሃ ደጅ ልደፋው ስል እናቴ ከለከለችኝ፤ ጠበል አለበት፣ እግር አይርገጠው አለች። ከግቢው ጥግ ወይራው ሥር፣ ሰው በማያልፍበት፣ አፈሰስኩት።

ቀስ ብሎ አገገመ። መጀመሪያ ከመሀሉ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ለፍልሰታ ትንንሽ መዳፎቹ ተከፈቱ። የአሸንድዬ ልጃገረዶች እየጨፈሩ በደጃችን ሲያልፉ እናቴ ወጥታ ስትመርቃቸው፣ ስትስቅም አየኋት። መብላት ጀመረች። የወንድሜን አንሶላ አጥባ አሰጣች። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የልጅሽ ወሬ አለ ወይ ሲላት ደህና ነው ትላለች። ይሆናል አትልም፤ ደህና ነው። እኔ መናኸሪያ ልወርድ ስነሣ ደግሞ ምን ትንከራተቻለሽ፣ አረንጓዴውን አላየሽም ትለኝ ጀመር።

ያኔ ነው የፈራሁት። ተክሉ የዳነው ውሃው ስለተስተካከለ ነው። ስለ ወንድሜ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ወንድሜ ሞቶ ቢሆንም ልክ እንደዚሁ አረንጓዴ ይሆን ነበር። እኔ በገዛ እጄ አጥቤ፣ በገዛ እጄ አጠጥቼ፣ ለእናቴ የሐሰት ምስክር አቆምኩላት። ቀድሞ ሁለታችን እንፈራ ነበር፤ ባንነጋገርም ማታ ማታ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እያዳመጥን እንፈራ ነበር። አሁን እሷ ተኝታ ታድራለች፣ ፍርሃቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። ተክሉን ጠላሁት። አንድ ሁለቴ ውሃውን ልተወው፣ ይድረቅና ይገላግለኝ ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ ደግሞ እናቴ ቁርስ ስትበላ አያታለሁ፣ ተነሥቼ ከበርሜሉ እቀዳለሁ።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ፣ በር ተንኳኳ። በጎህ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በአገራችን ሁሉም ያውቃል። መርዶ የሚረዳው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በጠዋቱ ነው። በበሩ ሽንቁር ሳይ ነፍስ አባታችንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። መዝጊያውን ይዤ መክፈት አቃተኝ።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ከፈተችው። ግቡ አለቻቸው፣ ምንም እንዳልሆነ። ነፍስ አባታችን የእኔን ፊት አይተው ቶሎ ብለው እጃቸውን አነሡ። እናንተ ጋ አይደለም አሉ። ከእኛ በታች ካለው ቤት ጎረቤታችን ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ሹፌር ልጇ መኪና ተገልብጦበት ማረፉ ማታ ተሰምቷል። ከሴት ወዳጆቿ የምትቀርባት እናቴ ስለሆነች፣ ሲነግሯት እንድትይዛት ሊወስዷት ነው የመጡት። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። እኔ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በወንድሜ ባለመሆኑ ደስ አለኝ፣ በዚያ ደስታዬ ደግሞ አፈርኩ።

እናቴ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጉንጯ ቆስሎ። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ ስለ ጎረቤታችን በግ ማውራት ጀመረች። ያቺ ሴት ለልጇ ሲመለስ አርድለታለሁ ብላ በግ ስታደልብ ነበር። በጉ ሲወፍር እያየች፣ ልጄ ደህና ባይሆን በጉ እንዲህ አይሰባም ነበር እያለች ለእናቴ ታጫውታት ነበር።

«ሲነግሯት በጉ ግቢው ውስጥ ይጮህ ነበር» አለች እናቴ። «ላቱ መሬት ይነካል።»

መስኮቱ ከፊቷ ነው፣ ሆዳሙም እዚያው አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል፣ እሷ ግን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። ስልክ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድም ሰው ያላወጣውን ቃል አወጣች።

«አንቺ፣ ወንድምሽ አለ ትያለሽ?»

የጋሸናው ነጋዴ ቃል አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። አረንጓዴውንም ልጠቁማት እችል ነበር፣ ተውኩት።

«አላውቅም እማ» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችኝ። ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ያለቀስነው ያን ቀን ነው።